ጌሞች ሲደራረቡ፦ ለተጨናነቀው የመውጫ ወር እንዴት እንዘጋጅ?

በየዓመቱ አንድ ሁለት ወር አለ፤ ስንጠብቃቸው የከረምናቸው ጌሞች ተጠራርተው የሚመጡበት። ማክሰኞ አንድ፣ ሐሙስ ሌላ፣ ዓርብ ደግሞ ሁለት በአንዴ። ኪሳችን ግን ያው ነው። ኢንተርኔቱም ያው። ቀኑም ከ24 ሰዓት አይጨምርም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ላለው ወር ነው። የምለው ነገር አጭር ነው፦ በወጣበት ቀን የምትጫወቱትን አንድ ጌም ምረጡ፣ ሌላው ይቆይ። የቆየ ጌም አይበላሽም። ስህተቱ ይታረማል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ይህን ለማድረግ ግን ሥራው የሚሠራው ወሩ ከመግባቱ በፊት ነው። ወሩ ከገባ በኋላ ትሬለሩም፣ ጓደኛውም፣ ቲክቶኩም ስለሚጎትት አስቦ መወሰን ይከብዳል።

ምሳሌ የማደርገው ኦክቶበር 2023ን ነው። በእኛ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 2016 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ወር አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ በ5፣ ፎርዛ ሞተርስፖርት በ10፣ ሎርድስ ኦፍ ዘ ፎለን በ13፣ ሶኒክ ሱፐርስታርስ በ17 ወጡ። በ20 ስፓይደርማን 2 እና ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ወንደር በአንድ ቀን መጡ። በ24 ሲቲስ ስካይላይንስ 2፣ በ27 አለን ዌክ 2 ተከተሉ። ከዚህ የባሰ የተጨናነቀ ወር ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ የሚሠራ ዝግጅት ለማንኛውም ወር ይሠራል።

መደራረቡ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ገና ያለው ጊዜ ትልቁ የገበያ ወቅት ነው። አሳታሚዎች ጌማቸው ከዚያ በፊት ገበያ ላይ እንዲውል ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ጎርፍ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ነው። የብዙ ኩባንያዎች፣ በተለይ የጃፓኖቹ፣ የበጀት ዓመት ማርች 31 ይዘጋል፤ ሽያጩ ከዚያ በፊት እንዲገባ ይሮጣሉ። ፌብሩዋሪ 2025ን ብታዩ ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስ 2፣ ሲቪላይዜሽን 7፣ አቫውድ እና ሞንስተር ሃንተር ዋይልድስ በአንድ ወር ነው የወጡት። እንግዲህ ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ በግምት ይታወቃል። አገር ቤት ላለ ተማሪ የመጀመሪያው ጎርፍ የሚመጣው ትምህርት በተከፈተ ማግስት ስለሆነ፣ ክረምቱ ሳያልቅ ማሰብ ቢጀምር ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፉ

ስልክ ላይም ይሁን ደብተር ላይ፣ በወሩ የሚወጡትንና የምትፈልጓቸውን ጌሞች በሙሉ አስፍሩ። ስም ብቻ አይበቃም። ለእያንዳንዱ የሚወጣበትን ቀን፣ የሚሠራበትን መሣሪያ፣ ዋጋውን፣ ስንት ጊጋ እንደሆነና ታሪኩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፉ። አንዱን መስመር ላሳያችሁ፦

ስፓይደርማን 2፤ ዓርብ ኦክቶበር 20 (ጥቅምት 9)፤ ፒኤስ5 ብቻ፤ 70 ዶላር፤ ወደ 98 ጊጋ፤ ታሪኩ ከ15 እስከ 20 ሰዓት።

ከሥሩ ደግሞ፦

ማሪዮ ወንደር፤ ያው ዓርብ፤ ስዊች ብቻ፤ 60 ዶላር፤ 5 ጊጋ እንኳን አይሞላም፤ ወደ 10 ሰዓት።

ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ነገር ይነግሯችኋል። በአንድ ቀን የወጡ ናቸው፤ ግን አንዱ ለዳውንሎድ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል፣ ሌላው ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ ሊገባ ይችላል።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የፈተና፣ የሥራና የበዓል ቀናችሁ በእኛ ካላንደር ስለሆነ ግጭቱ የሚታያችሁ ያኔ ነው። ሰዓቱንም ወደ እኛ ቀይሩት። ብዙ የኮንሶል (የፒኤስ5፣ የኤክስቦክስ፣ የስዊች) ጌም በአካውንቱ አገር እኩለ ሌሊት ላይ ይከፈታል። የአሜሪካ አካውንት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኒውዮርክ እኩለ ሌሊት ነው። አዲስ አበባ በኦክቶበር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ በኖቬምበር መጀመሪያ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 2 ሰዓት። የፒሲ ጌም በሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ፣ ስቲም ላይ፣ ብዙ ጌሞች በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ረፋድ 4 ላይ ይለቀቃሉ፤ ለእኛ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ነው። ይህን ሳያውቁ ሌሊቱን አፍጥጦ ማደር ከንቱ ድካም ነው።

ፒሲ ላይ ከሆናችሁ እያንዳንዱን ጌም ስቲም ላይ ዊሽሊስት (የምትፈልጓቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡት። ሲወጣም፣ ቅናሽ ሲደረግበትም ኢሜይል ይመጣላችኋል። ስቲም በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ፣ በጁንና በኦክቶበር፣ ኔክስት ፌስት የሚባል ሳምንት አለው። ያልወጡ ጌሞችን ዴሞ (አጭር የሙከራ ቅጂ) በነፃ የምትሞክሩበት ነው። ግማሽ ሰዓት ዴሞ ከአሥር ትሬለር በላይ ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን በእርሳስ ያዙት

የመውጫ ቀን ይለወጣል። አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ መጀመሪያ ለኦክቶበር 12 ነበር የተያዘው፤ ወደ 5 ተሳበ። አለን ዌክ 2 ከ17 ወደ 27 ተገፋ፤ የሠራው ስቱዲዮ ሬሜዲ ራሱ ምክንያቱ የወሩ መጨናነቅ እንደሆነ ተናግሯል። ባልዱርስ ጌት 3 በፒሲ ከኦገስት 31 ወደ ኦገስት 3 ቀድሞ ወጣ፤ ስታርፊልድ የተባለው ሌላ ትልቅ ጌም ሳይደርስበት ማለት ነው። ጂቲኤ 6 ደግሞ መጀመሪያ ለ2025 መጸው ተባለ፣ ከዚያ ሜይ 26 2026፣ ከዚያ ኖቬምበር 19 2026። ኅዳር 10 2019 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ድንገት የሚመጣም አለ። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ ለዓመታት ሲጠበቅ ቆይቶ፣ ኦገስት 21 2025 ቀኑ ተነገረ፤ መውጫው ሴፕቴምበር 4። ሁለት ሳምንት ብቻ። በዚያ ሰሞን ሊወጡ የነበሩ ብዙ ትንንሽ ጌሞች ቀናቸውን ቀየሩ። በወጣበት ሰዓት ስቲምን ጨምሮ የመግዣ ሱቆቹ ራሳቸው ተጨናንቀው እምቢ ብለው ነበር።

«ጎልድ ሆነ» የሚል ዜና ስትሰሙ ዲስክ ላይ የሚታተመው ቅጂ ተዘጋጀ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ የሚገፋው አልፎ አልፎ ነው። ቢሆንም ዋስትና አይደለም። ሳይበርፐንክ 2077 በኦክቶበር 2020 መጀመሪያ ጎልድ ሆነ ተብሎ፣ በዚያው ወር መጨረሻ ከኖቬምበር 19 ወደ ዲሴምበር 10 ተገፍቷል። ስለዚህ ለጌም ብላችሁ ከሥራ ፈቃድ የምትወስዱ ከሆነ፣ ቢያንስ የመጨረሻው ሳምንት እስኪደርስ ጠብቁ።

ዴሉክስ ምናምን ተብለው ጥቂት ቀናት ቀድሞ ለመጫወት ተጨማሪ የሚያስከፍሉም አሉ። ፎርዛ ሞተርስፖርት ተጨማሪ ለከፈለ ከኦክቶበር 5 ጀምሮ ተከፍቶለት ነበር፤ ለሌላው 10 ላይ። እኔ ለዚህ አልከፍልም፣ እናንተም እንድትከፍሉ አልመክርም። አምስት ቀን ቀድማችሁ የምታገኙት ገና ያልተጣራውን ጌም ነው።

ደረጃ 3፦ አንዱን ምረጡ

ከዝርዝሩ አንድ ጌም ላይ ክብ አድርጉ። እንዴት ይመረጣል? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቢቆይ የሚጎዳው የቱ ነው የሚለው ነው። ታሪክ ያለው ጌም ቢቆይ ይጎዳል፤ መጨረሻውን አንዱ ይነግራችኋል። ከጓደኞች ጋር ኦንላይን የሚጫወቱት ጌምም ቢቆይ ይጎዳል፤ ሁሉም አልፎት ሲሄድ ብቻችሁን ትቀራላችሁ። ግን ይህኛውን ከመምረጣችሁ በፊት ጓደኞቻችሁ በእርግጥ ሊገዙት እንደሆነ ጠይቁ። «እገዛለሁ» ማለትና መግዛት ይለያያል።

ከተማ መገንቢያ፣ የመኪና ውድድር፣ የስትራቴጂ ጌም ግን ከስድስት ወር በኋላም ያው ነው፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም የተሻለ ነው። ሲቲስ ስካይላይንስ 2ን ውሰዱ። ሠሪው ኮሎሳል ኦርደር ጌሙ ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፍጥነቱ ያሰቡትን ያህል እንዳልደረሰ በግልጽ አሳውቆ ነበር። የኮንሶሉ ቅጂ ከዚያ በፊት ወደ 2024 ተገፍቷል። በወጣ ጊዜም ጥሩ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር እየተጎተተ ሰውን አማረረ። የጠበቀ ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ከዚያ ጊዜያችሁን ቁጠሩ። ከሥራ፣ ከትምህርትና ከቤት ጣጣ የሚተርፈውን በታማኝነት አስሉት። በሳምንት 8 ሰዓት ካላችሁ በወር 32 ሰዓት ገደማ ነው። ይህ ለስፓይደርማንና ለማሪዮ ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ለስምንቱ ግን በምንም ተአምር አይበቃም። ስምንቱንም ገዝቶ እያንዳንዱን ለሦስት ሰዓት ነካክቶ መተው በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ በጣምም ያሳዝናል። ሰው ለዓመታት የለፋበትን ሥራ ሳታጣጥሙት ታልፋላችሁ።

ደረጃ 4፦ ገንዘቡን አስቀድሞ መወሰን

ከዚያ ወር ስድስቱን ብቻ እንደምር፦ ሚራዥ 50፣ ፎርዛ 70፣ ስፓይደርማን 70፣ ማሪዮ 60፣ አለን ዌክ በኮንሶል 60፣ ሲቲስ 50። 360 ዶላር ነው። ይህ አሜሪካ ለሚኖርም ቀላል አይደለም። አገር ቤት ላለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ጁላይ 29 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። የ70 ዶላር ጌም 4 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር። አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያችሁን በብር ጻፉ። ጣሪያው ሲሞላ ገበያው ተዘጋ።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ፕሌይስቴሽን ላይ አካውንት ሲከፈት ከሚመረጡት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የኤምሬትስ አካውንት ነው ያለው። የስጦታ ካርድ የሚሠራው ለዚያው አገር አካውንት ብቻ ነው። ዱባይ ያለው የአክስት ልጅ በቅን ልብ የገዛው የኤምሬትስ ካርድ የአሜሪካ አካውንት ላይ አይገባም፤ ገንዘቡም ይቀልጣል። ካርድ እንዲልክላችሁ ስትጠይቁ የአካውንታችሁን አገር አብራችሁ ጻፉለት። ስቲም ለኢትዮጵያ በዶላር ነው የሚያሳየው። ከሌላ አገር ሰው ጌም በስጦታ ሲልክላችሁ ግን በሁለቱ አገሮች ዋጋ መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ስጦታው ሊከለከል ይችላል።

ዲስክ ወይስ ዳውንሎድ? ዲስክ ማንበቢያ ካላችሁ እኔ ለዲስክ አደላለሁ። የፒኤስ5 ጌም ዲስክ ከየትም አገር ቢገዛ ይሠራል። ተጨማሪ ይዘት የምትገዙ ከሆነ ብቻ ዲስኩና አካውንቱ የአንድ ክልል ቢሆኑ ይሻላል። ጨርሳችሁ ስትበቁ ትሸጡታላችሁ፣ ወይም በሌላ ትለውጡታላችሁ። ሦስት ጓደኛሞች ከሆናችሁ እንደ እቁብ አድርጉት፦ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዲስክ ትገዛላችሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ ትለዋወጣላችሁ። በአንድ ጌም ዋጋ ሦስት ጌም ማለት ነው፤ ተራ መጠበቁም አንዱን በደንብ ለመጨረስ ይረዳል።

ግን ዲስክ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አለን ዌክ 2 ሲወጣ ዲስክ አልነበረውም፤ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው እንዲይዝላችሁ ተስፋ አድርጋችሁ ከሆነ ይህን ማወቅ ነበረባችሁ። ስዊች 2 ላይ ደግሞ አንዳንዱ የጌም ካርድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ ራሱ ዳውንሎድ ይደረጋል። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ እዩት።

ደንበኝነትም አንዱ አማራጭ ነው። በዚያ ኦክቶበር ፎርዛም፣ የፒሲው ሲቲስ 2ም በወጡበት ቀን ጌም ፓስ በሚባለው የማይክሮሶፍት ወርሃዊ ደንበኝነት ላይ ነበሩ። የአንድ ወር ክፍያ 120 ዶላር የሚያወጡ ሁለት ጌሞችን ይሸፍናል ማለት ነው። የአካውንታችሁ አገር አገልግሎቱን የሚያገኝ መሆኑን አጣሩ፤ ለአንድ ወር ከገባችሁም በራሱ እንዳይታደስ ማጥፋቱን አትርሱ።

ደረጃ 5፦ ቦታና ኢንተርኔት

አገር ቤት ላለ አንባቢ ትልቁ ሥራ እዚህ ነው።

መጀመሪያ ቦታ። የመጀመሪያው ፒኤስ5 825 ጊጋ ይባላል፤ ለእናንተ የሚተርፈው 667 ገደማ ነው። 512 ጊጋ የሚባለው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ 364 ገደማ ይተርፈዋል። 98 ጊጋ ጌም ለማስገባት 98 ጊጋ ባዶ ብቻ አይበቃም፤ አፕዴት ሲመጣ ለማገላበጫ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። የምትፈልጉትን አንድ ሦስተኛ ያህል ትርፍ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው።

ቦታ ለማግኘት ጌም ከማጥፋታችሁ በፊት አንዴ አስቡ። ያጠፋችሁትን ጌም መልሶ ማውረድ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ፒኤስ5 ላይ ተራ የዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ብትሰኩ የፒኤስ5 ጌሞችን ከእሱ ላይ መጫወት አትችሉም፤ ማስቀመጥ ግን ትችላላችሁ። ስትፈልጉ መልሳችሁ ወደ ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። ከኢንተርኔት ከማውረድ ጋር አይወዳደርም። የፒኤስ4 ጌሞች ደግሞ ከዚያው ከውጪው ዲስክ ላይ ይሠራሉ፤ ስለዚህ እነሱን በሙሉ ወደ ውጪ አውጡ። የቀረጻችኋቸው ቪዲዮዎችም ሚዲያ ጋለሪ ውስጥ ሳይታወቅ ብዙ ቦታ ይይዛሉ፤ ፈትሹ።

ከዚያ ሒሳቡ። ኢንተርኔት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፣ ጌሙ የሚለካው በጊጋባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 98 ጊጋ በ10 ሜጋቢት መስመር ምንም ሳይቋረጥ ወደ 22 ሰዓት ይፈጃል። በ25 ሜጋቢት ወደ 9 ሰዓት። በ4 ሜጋቢት ከሁለት ቀን በላይ። ወረቀት ላይ የተጻፈላችሁን ሳይሆን ቤታችሁ የሚደርሰውን ፍጥነት ለኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አንዴ። ልዩነቱን ስታዩ መቼ ማውረድ እንዳለባችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ኮንሶሉን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙ። ዳውንሎዱ ሌሊት በረስት ሞድ (ኮንሶሉ ሳይጠፋ በሚያንቀላፋበት ሁኔታ) እንዲቀጥል ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ረስት ሞድ ላይ ከኢንተርኔት ጋር የመቆየቱን ምርጫ አብሩት። መብራት ከጠፋ ዳውንሎዱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አደጋው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚያደርገው ዝላይ ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ብትይዙ ምርጥ፤ ባይሆን ጥሩ ስታብላይዘር። ራውተሩንም እዚያው ላይ ሰኩት፤ ኮንሶሉ ቆሞ ራውተሩ ከወደቀ ምን ዋጋ አለው።

የሞባይል ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ የሌሊት ጥቅሎችን አስሉ፤ ግን በአንድ ጊጋ ስንት ብር እንደሚወጣ አካፍሉ። 98 ጊጋ በሞባይል ዳታ አንዳንድ ጊዜ ከጌሙ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ያኔ ዲስክ፣ ወይም ኮንሶሉን ይዞ ፋይበር ያለው ጓደኛ ቤት ማደር የተሻለ ነው።

ለፒሲ ሰዎች አንድ ጥሩ መንገድ አለ። እናንተም ጓደኛችሁም ያንኑ ጌም ስቲም ላይ ከገዛችሁ ሁለታችሁም ማውረድ አይጠበቅባችሁም። ጓደኛችሁ ካወረደ በኋላ ስቲም አፕስ ከሚባለው ፎልደር ውስጥ «ኮመን» የሚለውን ይክፈትና የጌሙን ፎልደር በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ይስጣችሁ። እናንተም ስሙን ሳትቀይሩ በዚያው ቦታ አስቀምጡትና ስቲም ላይ ኢንስቶል በሉት። ስቲም ያለውን ፋይል አይቶ ያጣራል፤ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ላይ ከሆኑ ደግሞ ስቲም ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያስተላልፍ ዳውንሎድ ሴቲንግስ ውስጥ ምርጫ አለ።

አስቀድሞ ማውረድ፣ ማለትም ፕሪሎድ፣ ካለ ተጠቀሙበት። ብዙ ጊዜ ከሁለት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይከፈታል። ስቲም ላይ ፕሪሎድ የተደረገ ጌም ተቆልፎ ነው የሚመጣው፤ በመውጫው ሰዓት ይፈታል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ መፍታቱ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ባዶ ቦታም ስለሚፈልግ ይህንንም በሒሳባችሁ አስገቡ።

ደረጃ 6፦ መሣሪያው ይችለዋል?

ኮንሶል ያላችሁ ይህን ዝለሉት። ፒሲ ያላችሁ ዝቅተኛውን ሳይሆን የሚመከረውን መስፈርት አንብቡ። አለን ዌክ 2 ሲወጣ ሜሽ ሼደር የሚባል ቴክኖሎጂ የሌላቸውን የቆዩ የግራፊክስ ካርዶች፣ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 1080ን የመሳሰሉትን፣ በጣም አስቸግሯል፤ በ2024 የመጣ ፓች (የማስተካከያ አፕዴት) ነው ያሻሻለው። መስፈርቱ ላይ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ያስፈልጋል ከተባለም ያስፈልጋል። የግራፊክስ ድራይቨራችሁን ከመውጫው በፊት ባለው ቀን አድሱ።

ደረጃ 7፦ ቀድሞ መግዛትና ሪቪው መጠበቅ

ፕሪኦርደር ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ዲጂታል ቅጂ አያልቅም። ስለዚህ የመቸኮያ ምክንያቱ ፕሪሎድ ብቻ ነው፤ እሱም ክብ ላደረጋችሁበት አንድ ጌም ብቻ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን አንዳንዱ የፈሰሰ አይለቀምም።

ምክንያቱም የመመለሻው ሕግ እንደ ሱቁ ይለያያል። ስቲም ላይ በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ፕሪኦርደርም ከመውጣቱ በፊት በማንኛውም ጊዜ ይሰረዛል። ልብ በሉ፣ ቀድሞ በሚከፈተው ዴሉክስ የተጫወታችሁት ሰዓትም ይቆጠራል። ፕሌይስቴሽን ላይ ከመውጫው ከ14 ቀን በላይ ቀድማችሁ ካዘዛችሁ እስከሚወጣ ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲህ ካዘዛችሁ ግን 14 ቀን አላችሁ፤ እሱም ዳውንሎድ እስካልጀመራችሁ ድረስ ነው። ኮንሶሉ በራሱ ማውረድ ከጀመረ መብታችሁ አበቃ፤ ስለዚህ በራሱ የሚያወርደውን ምርጫ አጥፉት። ኔንቲዶ ላይ የተከፈለ ዲጂታል ጌም ይመለሳል ብላችሁ አትቁጠሩ።

ሪቪው መቼ እንደሚወጣ ማየት ራሱ መረጃ ነው። ጋዜጠኞች ጌሙን ቀድመው ያገኛሉ፣ እስከ ተወሰነ ሰዓት ግን መጻፍ አይፈቀድላቸውም። ያ ሰዓት ከመውጫው ጥቂት ቀናት ቀድሞ ከሆነ ሠሪው በሥራው ይተማመናል ማለት ይቻላል። ከመውጫው ሰዓት ጋር ከገጠመ ጠርጥሩ። የሪቪው ቅጂ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ከተሰጠ ደግሞ አብልጣችሁ ጠርጥሩ። ሳይበርፐንክ 2077 ሊወጣ ሲል የተነበቡት ሪቪዎች የፒሲው ነበሩ። የፒኤስ4 እና የኤክስቦክስ ዋን ቅጂ ምን እንደሚመስል ሰው ያየው ከገዛ በኋላ ነው። ሶኒ በሳምንቱ ከሱቁ አወጣው፤ የተመለሰው ጁን 2021 ነው። ዛሬ ግን በብዙ ፓች ታክሞ እጅግ ግሩም ጌም ሆኗል። ሁለት ዓመት የጠበቀ ሰው ያንኑ ጌም በአነስተኛ ዋጋ፣ በሙሉ ጤንነቱ ተጫወተው።

ነጥቡን ብቻ አትዩ። በእናንተ መሣሪያ ላይ የተጫወተ ሰው የጻፈውን ፈልጉ። ስለ ፍጥነትና ጥራት ዲጂታል ፋውንድሪ የሚሠሯቸው ቪዲዮዎች አስተማማኝ ናቸው። ታናናሽ ወንድምና እህት ያላችሁ የዕድሜ ደረጃውንም እዩ፦ ማሪዮ ወንደር ለሁሉም ነው፣ ስፓይደርማን 2 ለአሥራዎቹ ዕድሜ፣ አለን ዌክ 2 ግን ለአዋቂ ብቻ። ሳሎን ቲቪ ላይ የሚጫወት ሰው ይህን ማሰብ አለበት።

ደረጃ 8፦ ጆሮና ዓይን መጠበቅ

ታሪክ ያለው ጌም ከመረጣችሁ፣ ከመውጫው አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ዩቲዩብ ላይ ስለ ጌሙ መፈለግ አቁሙ። አንድ ቪዲዮ ካያችሁ ሌላውን ራሱ ያመጣላችኋል፤ የመጨረሻው ትዕይንት ፎቶው ላይ ተለጥፎ። ኤክስ ላይ የጌሙንና የዋና ገጸ ባሕርያቱን ስም ሚዩት አድርጉ። የቴሌግራም የጌም ግሩፖችን ለሁለት ሳምንት ዝም አሰኙ። ቀድሞ የጨረሰ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ «እስክጨርስ እንዳትነግረኝ» ብላችሁ ፊት ለፊት ንገሩት።

ደረጃ 9፦ የወጣበት ቀን

የመጀመሪያው ቀን አፕዴት ይኖራል፤ ዲስክ ለገዛም ጭምር። ስለዚህ ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ከመመለሳችሁ በፊት ጠዋት ዲስኩን አስገብታችሁ ወይም ዳውንሎዱን አስጀምራችሁ ውጡ። ሱቁ እምቢ ካለ አትታገሉት፤ እንደ ሲልክሶንግ ባለ ቀን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ራሱ ይስተካከላል።

ፒሲ ላይ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ተኩል በዓላማ ተጫወቱት። ሴቲንጉን አስተካክሉ፣ ሰው የሚበዛበት ቦታ ሂዱ፣ ይጎተት እንደሆነ፣ በራሱ ይዘጋ እንደሆነ እዩ። ሁለት ሰዓቱ ሳያልፍ ወስኑ፦ ይቀጥላል ወይስ ይመለሳል። ከተመለሰ ገንዘቡን ለሁለተኛው ጌም አታውሉት፤ ያኛው ተጣርቶ እስኪታይ ይቀመጥ። የመመለሻ ጥያቄው ራሱ ቀላል ነው፤ ስቲም ሄልፕ ውስጥ ጌሙን መርጣችሁ ምክንያቱን በአንድ መስመር መጻፍ ብቻ።

ደረጃ 10፦ የቀሩትን ቀጠሮ መስጠት

ክብ ያላደረጋችሁባቸውን ጌሞች አትሰርዟቸው፤ ከጎናቸው ቀን ጻፉላቸው። ስቲም በዲሴምበር መጨረሻና በጁን መጨረሻ ትልቅ ቅናሽ ያደርጋል። የዩቢሶፍት ጌሞች በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋቸው ሲወርድ ማየት የተለመደ ስለሆነ ሚራዥን የመሰለ ጌም ለገና ቅናሽ ይቆይ። የኔንቲዶ ጌሞች ግን ዋጋቸው ንቅንቅ የማይል ነው፤ ማሪዮን በቅናሽ እገዛለሁ ብላችሁ ዓመት አትጠብቁ፣ ያገለገለ ካርድ ፈልጉ። ሲቲስ 2 ዓይነቱን ደግሞ ከትልልቅ ፓቾች በኋላ፣ ስቲም ላይ የቅርብ ጊዜ አስተያየቶች የሚለውን አይታችሁ ግዙ፤ አጠቃላዩ ነጥብ የመጀመሪያውን ወር ቁጣ ይዞ ይቆያል፣ የቅርቡ ግን ጌሙ ዛሬ ያለበትን ነው የሚያሳየው።

የመረጣችሁትን ጌም በዲስክ ገዝታችሁ ከሆነ ቶሎ መጨረሱ ይጠቅማል። ያገለገለ ዲስክ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ጌሙ ገና ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሽያጩ ላይ የዲስኩን ጀርባ በብርሃን አንስታችሁ ፎቶ አያይዙ፤ ጭረት እንደሌለው ያየ ገዢ ብዙ አይከራከርም። የተገኘውን ብር ከዝርዝሩ ላይ ቀጥሎ ላለው ጌም መድቡት።